ከማጽዳታችሁ በፊት አንብቡት፦ የድሮ ወታደራዊ ሽጉጥን ሥሪት ለመለየት የሚረዳ መመሪያ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ከአንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ጋር ተቀምጠናል። አዛውንቱ መጀመሪያ የመሣሪያ ፈቃዳቸውን አወጡ። ቀጥለው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አባቴ ከጣልያን ማረክኩት ብለው ነው ያወረሱኝ» አሉ። «ግን እየው፣ 1937 ይላል። ጣልያን እኮ በ33 ወጣ። አባቴ ዋሹኝ እንዴ አቦ?»

ይህ ጥያቄ ለዓመታት ሲከነክናቸው ኖሯል። መልሱ ግን እዚያው ብረቱ ላይ ነበር። 1937 የሚለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1929 ወይም 1930 ማለት ነው። ከጎኑ ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ነበሩ፤ ኤክስ እና ቪ። ኤክስ በሮማ ቁጥር 10 ነው፣ ቪ ደግሞ 5። አስራ አምስተኛው የፋሺስት ዓመት ማለት ነው። ሽጉጧ የተሠራችው ጣልያን ሐረርንና ድሬዳዋን በያዘበት ዘመን ነው። አባታቸው አልዋሹም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ነው። በእኛ አካባቢ የድሮ ሽጉጥ ብዙ ነገር ያውቃል። የጦር መሣሪያ ከዘይላና ከታጁራ ወደብ ተነስቶ በሐረር በኩል ሲያልፍ የኖረበት አገር ነው። ገጣሚው አርቱር ራምቦ እንኳ ሐረር የኖረው ነጋዴ ሆኖ ነው፤ ለምኒልክም ጠመንጃ ሸጧል። ግን ይህን ታሪክ የሚናገሩት ፊደላት ከፀጉር የሚቀጥኑ ናቸው። በአንድ ከሰዓት በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋሉ። ስለዚህ የመመሪያዬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ መጀመሪያ አንብቡ፣ ጻፉ፤ ማጽዳት ኋላ ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት፦ ፈቃድ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሥራ ላይ ነው። ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥ ወንጀል ነው። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» የሚለው ነገር አያድንም። ከሟች አያት ሳጥን ውስጥ ሽጉጥ ካገኛችሁ፣ ይዛችሁት መንገድ አትውጡ። በአቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ አስታውቁ፤ የሚሉትን አድርጉ። ድንበር ማሻገር ወይም ለቱሪስት ማሳየትና ዋጋ መደራደር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ሰብሳቢ ማለት የግድ ሽጉጥ የሚያከማች ሰው ማለት አይደለም። እኔ የራሴ ሽጉጥ የለኝም። የኔ ስብስብ ደብተር ነው። ፈቃድ ያላቸው ባለቤቶች ሲፈቅዱልኝ አያለሁ፣ እለካለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እጽፋለሁ። ከዚያ ውጪ ሦስት የቆዳ ማህደርና የድሮ ወታደሮች ፎቶግራፎች አሉኝ። እመኑኝ፣ ይህም ሰብሳቢነት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዓይንና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ዓይን ለማሰልጠን ሐረር ጁገል ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ጥሩ ቦታ ነው። የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ነው ያለው። ከድሬዳዋ በሚኒባስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ስትሄዱ ደብተር ያዙ። የምታዩትን ዕቃ ንድፍ በእጃችሁ ሳሉ። ፎቶ ያነሳ ሰው ይረሳል፤ የሳለ ሰው ግን አይረሳም።

አንደኛ እርምጃ፦ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

ይህን እርምጃ ባለቤቱ እንጂ እናንተ አታድርጉት። እናንተ ቆማችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጣት ከምላጩ ውጪ።

በካዝና የሚሠራ ሽጉጥ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል። ቀጥሎ ላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደኋላ ተስቦ ውስጡ ይታያል። ካዝና ወጣ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ሽጉጡ አንድ ጥይት ጎርሶ ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ የሳበ ሰው፣ ተንሸራታቹ ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሰዋል።

ሪቮልቨር (ባለ ተሽከርካሪ ሽጉጥ) ከሆነ የጥይት ቤቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። የጣልያኑ ቦዴኦ በስተቀኝ ትንሽ በር አለው፤ ተሽከርካሪው እየዞረ ስድስቱም ይቆጠራሉ። የእንግሊዞቹ ዌብሊና ኤንፊልድ ግን ከወገባቸው ታጥፈው ይከፈታሉ።

የሚያስቸግር፣ የዛገ፣ የማይከፈት ከሆነ አታስገድዱ። ተዉት። የጎረሰ እንደሆነ ቁጠሩትና ባለሙያ ይጠራ። ባዶ ከሆነም ቢሆን ለሙከራ አትተኩሱ። የድሮ ብረት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይኖረዋል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ገበታውን ማዘጋጀት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ነጭ ጨርቅ፣ አጉሊ መነጽር፣ የስልክ መብራት፣ ማስመሪያ ወይም ካሊፐር፣ እርሳስና ስስ ወረቀት። ድሬዳዋ ውስጥ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ብትጀምሩ ይሻላል። ከዚያ በኋላ እጅ ያልባል። ላብ ጨው ነው፣ ጨው ብረት ያዝጋል። ቀጭን የጥጥ ጓንት ካላችሁ አድርጉ።

ፎቶ ስታነሱ መብራቱን ፊት ለፊት አታብሩ። ብረቱ ያንጸባርቅና ፊደሉ ይጠፋል። መብራቱን ከጎን፣ ወደ ብረቱ አጋድሙት። የተመታው ፊደል ጥላ ይጥልና ራሱ ብቅ ይላል። ይህን ስሞክር የመጀመሪያ ቀን በጣም ነው የተደነቅኩት። ባዶ የመሰለኝ ብረት ላይ ሙሉ መስመር ጽሑፍ ነበር።

ፎቶው እምቢ ካለ፣ በልጅነታችን ሳንቲም ላይ ወረቀት አድርገን በእርሳስ እንደምናሸው አድርጉ። ስስ ወረቀቱን ጽሑፉ ላይ አድርጋችሁ እርሳሱን በጎኑ በቀስታ እሹት። ፊደሉ ይወጣል፤ ብረቱም አይጎዳም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ሁለት ዓምድ

ደብተራችሁን መሐል ላይ አስምሩ። በግራ «ሰው የነገረኝ»፣ በቀኝ «ብረቱ የነገረኝ»። ሁለቱን ፈጽሞ አታቀላቅሉ።

የግራው ዓምድ ክቡር ነው። ማን አወረሰ፣ መቼ፣ ከየት መጣ፣ ማን ታጥቆት ነበር፣ ለሠርግ ነው ለጦርነት። አዛውንቶቹ ሲያወሩ አታቋርጡ፤ አታርሙም። ቃላቸውን እንዳለ ጻፉ። እኚህ ሰዎች ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

በቀኙ ዓምድ ግን ያያችሁትን ብቻ። «ቤሬታ ይመስላል» አትበሉ። ያያችሁትን ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ ያልተነበበው ላይ ነጥብ አድርጉ። ማተሚያ ምልክት፣ ዘውድ፣ ኮከብ፣ ቀስት፣ ሦስት ማዕዘን ሁሉ ይሳል። የት ቦታ እንደተመታ ጭምር ጻፉ፤ በተንሸራታቹ ላይ፣ በገላው (ከተንሸራታቹ ሥር ባለው ዋና አካል) ላይ፣ በአፈሙዙ ላይ፣ በእጀታው ሥር። ተከታታይ ቁጥር በተለያዩ ክፍሎች ላይ ካለ ሁሉንም ለየብቻ ገልብጡና አስተያዩ። ካልገጠሙ ክፍል ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ የግምጃ ቤት ጠጋኝ ያገኘውን ይገጥም ነበር። ግን መጻፍ አለበት።

አንድ አደራ። ተከታታይ ቁጥሩ የሚታይበትን ፎቶ ቴሌግራምም ሆነ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። የባለቤቱ ደህንነት ከናንተ ጉጉት ይበልጣል።

ቤሬታ 1934፦ ከሁሉ በላይ የምታገኙት

በእኛ አካባቢ ከጣልያን ዘመን የቀረ ሽጉጥ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ይህ ነው። ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ባዶውን ወደ 660 ግራም። ተንሸራታቹ ከላይ ክፍት ስለሆነ አፈሙዙ ይታያል። የካዝናው ሥር ወደፊት ሾል ያለ፣ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ምላስ አለው። 7 ጥይት ይይዛል፤ ጥይቱ 9 ሚሊሜትር ኮርቶ ነው። ኮርቶ ማለት አጭር ማለት ነው።

በግራ ጎኑ ያለው ጽሑፍ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ዓመተ ምሕረቶች አሉበት። መጀመሪያ 1934 የሚለው የሞዴሉ ስም ነው እንጂ የተሠራበት ዘመን አይደለም። የተሠራበት ዘመን ከፋብሪካው መንደር ስም ከጋርዶኔ በኋላ የሚመጣው ነው። ከጎኑ የሮማ ቁጥር አለ።

ስለዚህ የሮማ ቁጥር ረጋ ብለን እንነጋገር። ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1922 ነው። ፋሺስቶች ያንን ጊዜ መነሻ አድርገው አዲስ ዘመን ይቆጥሩ ነበር። ፋብሪካው ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይመታ ነበር። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በሮማ ቁጥሩ ላይ 1922 ደምሩ። 15 ከሆነ 1937 ይመጣል። 18 ከሆነ 1940። ዘመኑ የሚለወጠው በጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የአንድ ዓመት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ከዚያ በላይ ከተራራቀ ግን ወይ አንባቢው ተሳስቷል፣ ወይ አንድ ሰው ብረቱን ነካክቶታል።

ንባቡ እንዲቀላችሁ፣ አይ 1፣ ቪ 5፣ ኤክስ 10 ነው። አይ ከቪ ወይም ከኤክስ በፊት ከመጣ ይቀነሳል። ስለዚህ ኤክስ፣ አይ፣ ቪ ማለት 14 ነው፤ 1936። ኤክስ፣ አይ፣ ኤክስ ደግሞ 19፤ 1941። ሁለት ኤክስ ብቻ ከሆነ 20፣ 1942 ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ነገር አለ። ሐረር ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 17 ቀን 1933 ነው፣ በፈረንጅ 26 ማርች 1941። ድሬዳዋ ከሦስት ቀን በኋላ ተከተለች። የመጨረሻው የጣልያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ነው፣ በፈረንጅ በዚያው በ1941። እንግዲህ ብረቱ ላይ 1942 ወይም 1943 የሚል ቤሬታ በጣልያን ወታደር ወገብ ወደ ድሬዳዋ አልገባም። ኋላ በሌላ መንገድ፣ በንግድ ወይም በሰው እጅ የመጣ ነው። 1937፣ 1938፣ 1940 ከሆነ ግን የምርኮው ታሪክ ከብረቱ ጋር ይስማማል። ይስማማል ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ግን በሩ ክፍት ነው።

ቀጥሎ ከገላው በስተግራ ከኋላ በኩል ፊደላት ፈልጉ። አር እና ኢ ከሆነ ሬጂዮ ኤሴርቺቶ፣ የንጉሡ ምድር ጦር ነው። አር እና ኤ የአየር ኃይል፣ አር እና ኤም የባሕር ኃይል። ፒ እና ኤስ ደግሞ ፑብሊካ ሲኩሬዛ፣ ፖሊስ ማለት ነው። ምንም ከሌለ ለግል ገበያ የተሸጠ ሊሆን ይችላል፤ መኮንኖችም በገንዘባቸው ይገዙ ነበር።

ከዚያ ቀለሙንና አጨራረሱን እዩ። ቀደምቶቹ ተወልውለው ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፤ ፊት ያሳያሉ። ጦርነቱ እየጠና ሲሄድ ፋብሪካው ተጣደፈ። የሞረድ ፈለግ ይታያል፣ ቀለሙም ደብዛዛ ግራጫ ሆነ። ይህ የዝገት ወይም የእርጅና ምልክት እንዳይመስላችሁ። እንዲያ ሆኖ ነው የተወለደው። ከጦርነቱ በኋላ በተሠሩት ላይ ደግሞ የሮማ ቁጥሩ የለም፤ ይህ ሞዴል እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲመረት ኖሯልና።

እጀታው ላይ ፋብሪካው የገጠመው ልባጥ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩ ቀጭን ብረት አለው፤ የቤሬታ ፒ እና ቢ ፊደላት ተያይዘው ተቀርጸውበታል። እንጨት ወይም ቀንድ ካያችሁ እዚህ አገር የተሠራ ሊሆን ይችላል። አትናቁት። የአገር ባለሙያ እጅ ሥራም የሽጉጡ ታሪክ አካል ነው።

ቤሬታ 1935 ወንድሙ ነው፤ መልኩ ያሳስታል። ጥይቱ ግን 7.65 ነው፣ ካዝናውም 8 ይይዛል። ለመለየት ጽሑፉ ላይ ያለውን የጥይት መጠን አንብቡ እንጂ በዓይን አትፍረዱ።

ቦዴኦ 1889፦ «የአድዋ ሽጉጥ»

ይህ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው። ጥይቱ 10.35 ሚሊሜትር። ሁለት ዓይነት አለው፤ ለመለየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም። የወታደሩ ዓይነት አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ነው፤ የምላጭ ቀለበት የለውም፤ ምላጩ ወደፊት ይታጠፋል። የመኮንኑ አፈሙዙ ክብ ነው፤ ምላጩም በቀለበት ውስጥ ነው።

በየቤቱ «አድዋ ላይ የተማረከ» ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ ሞዴሉ ከአድዋ በፊት በጣልያን ጦር እጅ ነበር። ነገር ግን ቦዴኦ ከአድዋ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተሠርቷል። ሁለተኛው ወረራ ጊዜም አብሮ መጥቷል። የሚለየው ብረቱ ላይ የተመታው የፋብሪካ ስምና ዓመት ነው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጅ 1896። ብረቱ 1916 ካለ የአድዋ አይደለም። 1891 ካለ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የራሴን ቁስል ልንገራችሁ። አጎቴ ፈቃድ ያለው እንዲህ ዓይነት ሪቮልቨር ነበረው። ለቤተሰብ በዓል እንዲያምር ብለን ለአንድ ብረት ሠሪ ሰጠነው። ባለሙያው ክፉ አላሰበም፤ አሳምሮ ሞረደው፣ በኒኬልም ነከረው። ሲመለስ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ፊደል ግን አንድም አልነበረም። ፋብሪካው፣ ዓመቱ፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም ሄደ። አያቴ ስለ አድዋ የነገሩን ታሪክ እውነት ይሁን አይሁን ከእንግዲህ ማንም አያውቅም። ምላጩ ስለሚታጠፍ የወታደር ዓይነት ነው ከማለት ውጪ ምንም ማለት አልችልም። ደብተር መያዝ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ግሊሴንቲ 1910፦ በጣም ተጠንቀቁ

ከጣልያን ሽጉጦች ሌላው ግሊሴንቲ ነው። ቀጭን አፈሙዝ፣ ያዘነበለ እጀታ። የሚያሰጋው ጥይቱ ነው። የራሱ 9 ሚሊሜትር ጥይት ከታወቀው ፓራቤለም ጋር በመጠን አንድ ነው፤ ጉልበቱ ግን ያነሰ ነው። ፓራቤለሙ ሳይከለከል ይገባል፤ ሽጉጡ ግን ያንን ጉልበት አይችልም። ግራ ጎኑ የሚነቀል ሳህን ስለሆነ ገላው ደካማ ነው። ማንም «ጥይቱ ገጥሟል» ቢላችሁ አትስሙ።

የእንግሊዞቹ

በ1933 የገባው ጦር የእንግሊዝ ሪቮልቨሮችን ይዞ ነው የመጣው። ዌብሊ ማርክ 6 ግዙፉ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. ነው ሥራ የጀመረው፤ አፈሙዙ ስድስት ኢንች፣ የእጀታው ሥር ባለ ማዕዘን ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ዌብሊዎች እጀታቸው እንደ ወፍ ራስ ዞር ያለ ነው። በዚህ ብቻ ትለዩታላችሁ።

ኤንፊልድ ቁጥር 2 ግን መለየት ለሚወድ ሰው ድግስ ነው። ጽሑፉ በስተቀኝ ነው፤ ዘውድ፣ ኤንፊልድ የሚል ስም፣ ማርኩ (የዓይነቱ ቁጥር)፣ ዓመቱ። ከማርኩ ቀጥሎ ያለችውን ኮከብ ቁጠሩ። ኮከብ የሌለው የ1932ቱ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ መዶሻው በአውራ ጣት የሚሳብበት ጆሮ አለው። ባለ አንድ ኮከቡ በ1938 የመጣ ነው፤ ጆሮው ተቆርጧል። ባለ ሁለት ኮከቡ በ1942 የጦርነት ጥድፊያ የተሠራ ሲሆን የመዶሻው መከላከያ ቀርቶበታል። ሲወድቅ ሊተኩስ ስለሚችል የጎረሰ እንደሆነ አደገኛ ነው።

ወጥመድ አለው። ብረቱ 1934 ይላል፣ መዶሻው ግን ጆሮ የለውም። የውሸት ነው እንዴ? አይደለም። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዓይነቶች ለጥገና ግምጃ ቤት ሲገቡ ወደ ባለ አንድ ኮከብ ተቀይረዋል። ስለዚህ «የተሠራው 1934፣ ኋላ የተቀየረ» ብላችሁ ጻፉ። ሁሉም የመጡት ከኤንፊልድ ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ፤ አልቢዮን የተባለው የስኮትላንድ መኪና ሠሪም ሠርቷቸዋል።

አንድ ነገር ጨምሩ። የእንግሊዙ ጥይት 380 ይባላል። አሜሪካኖች የቤሬታውን ኮርቶም 380 ይሉታል። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ስም አንድ ሆነ ተብሎ አይገጣጠምም።

ኮልት 1911 ኤ1

ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ከአሜሪካኖች ጎን ከተሰለፈ ወዲህ የአሜሪካ መሣሪያ በአገራችን የተለመደ ሆነ። ሰው ሁሉ «ኮልት» ይለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ኮልት ብቻ አልሠራውም። የጽሕፈት መኪና ሠሪው ሬሚንግተን ራንድ ሠርቶታል። ኢታካም፣ የባቡር ምልክት ሠሪው ዩኒየን ስዊችም ሠርተዋል። የፋብሪካው ስም በተንሸራታቹ በግራ ነው።

ከሁሉ ብርቁ ሲንጀር ነው። አዎ፣ መጋላ ውስጥ ልብስ ሰፊዎቻችን የሚረግጡት ሲንጀር። 500 ብቻ ሠርቶ አቆመ። በዚህ ምክንያት ስሙን በሐሰት የሚመቱ ብዙ ናቸው። ሲንጀር የሚል ሽጉጥ ካያችሁ ደስታችሁን ቆጥቡ። ፊደሉ ከአካባቢው ብረት የበለጠ የሰላ ወይም የሚያበራ ከሆነ፣ መስመሩም ከተንጋደደ፣ ኋላ የተመታ ነው።

የመጀመሪያውን 1911 ከኤ1 ለመለየት ከምላጩ ኋላ ገላውን እዩ። ኤ1 ከሆነ በሁለቱም ጎን ለጣት የተሰረሰረ ቦታ አለ። ምላጩ አጭር ነው፤ የእጀታው ጀርባ ቆልመም ብሏል።

የሶቪየቶቹን አጭር ላድርግላችሁ። ቶካሬቭ ላይ ተንሸራታቹ ኋላ ያሉትን መሳቢያ ጭረቶች እዩ። ሰፊና ጠባብ እየተፈራረቁ ከሆነ የቀደመው ነው፤ ሁሉም ቀጫጭን ከሆኑ ከ1947 እ.ኤ.አ. ገደማ በኋላ ነው። ኮከብ የቱላ፣ ሦስት ማዕዘን የኢዥዬቭስክ ፋብሪካ ነው። የቻይና ፊደል ያለበት የቻይና ሥሪት ነው። ማካሮቭ ላይ ክብ ውስጥ 10 ካለ ቡልጋሪያ ነው። ማካሮቭ ግን እስካሁን በሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ስለሆነ እኔ ከስብስቤ ውጪ አድርጌዋለሁ።

ቀለም የተቀባ መሆኑን ማወቅ

ዳግም የተቀባ ሽጉጥ ይናገራል። የፊደሎቹ ጠርዝ ለስልሶ እንደ ሳሙና ይሆናል። ከአዲሱ ቀለም ሥር የዝገት ጉድጓዶች ይታያሉ። የቡሎን ቀዳዳ ጠርዝ ተበልቶ ሰፋ ይላል። እነዚህን ካያችሁ «ዳግም የተቀባ» ብላችሁ ጻፉ። ባለቤቱን ግን አታስከፉ። ያደረገው በፍቅር ነው።

ማስቀመጥ

አሁን ማጽዳት ይቻላል፤ እሱም በጥቂቱ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ጠብታ ቀጭን የመሣሪያ ዘይት። ብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሎሚና ጨው አይነካውም።

በቆዳ ማህደሩ ውስጥ አታኑሩት። ቆዳ የተለፋበት ነገር እርጥበት ይስባል፤ ብረቱን በማህደሩ ቅርጽ ልክ ያዝገዋል። ማህደሩና ሽጉጡ ለየብቻ ይቀመጡ። ድሬዳዋ ላይ ጠላታችን አቧራ ነው፤ ዘይት ከበዛ አቧራ ይለጥፋል። ሐረር ላይ ግን የክረምቱ እርጥበት ነው የሚያሰጋው፤ በክረምት በየወሩ አውጥታችሁ ጥረጉት። ጥይትና ሽጉጥ አንድ ቦታ አይቀመጡም፤ ሁለቱም ይቆለፋሉ። ልጆች ያልደረሱበት ሳጥን የለም፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ደብተሩም ሁለት ቅጂ ይኑረው። አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ ባለቤቱ ጋ ከፈቃዱ ጋር።

በዚያ ቀን ከዚራ የጻፍኩት ገጽ እንዲህ ይላል፦

ሰው የነገረኝ፦ አባታቸው ጣልያን ሲወጣ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ማረኩት። ሁለት ሠርግ ላይ ታጥቀውታል። ተተኩሶ አያውቅም።

ብረቱ የነገረኝ፦ ቤሬታ ሞዴል 1934፣ 9 ኮርቶ። ዓመት 1937፣ የሮማ ቁጥር 15፤ ይገጥማሉ። ገላው በስተግራ አር እና ኢ፣ ምድር ጦር። የተንሸራታቹና የገላው ቁጥር አንድ ነው። ቀለሙ የፋብሪካው፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ተፍቋል። የቀኝ ልባጥ ፕላስቲክ፣ ፒ እና ቢ ያለበት። የግራ ልባጥ ወይራ እንጨት፣ በእጅ የተሠራ።

ያልተፈታ፦ የግራውን ልባጥ ማን ሠራው? አዛውንቱ አያስታውሱም። ታላቅ እህታቸው ሐረር አሉ፤ እሳቸውን ልጠይቅ።